ደስታ የተባለው ደዌ፦ የከብት እልቂትና የእንስሳት ጤና ጥበቃ ታሪክ በኢትዮጵያ

በአማርኛ «ደስታ» ተብሎ የሚጠራው የከብት በሽታ ስሙና ግብሩ ፈጽሞ የማይገናኙ፣ በኢትዮጵያ የእርሻ ታሪክ ውስጥ ከድርቅና ከአንበጣ መንጋ የከፋ ጥፋት ያደረሰ ደዌ ነበር። የስሙ አመጣጥ ክፉውን ነገር በክፉ ስም ጠርቶ ወደ በረት ላለማስጠጋት ከሚደረግ ጥንቃቄ የተነሣ ይመስላል፤ ገበሬው አጥብቆ የሚፈራውን ነገር በቀጥታ መጥራት ስለማይወድ መንጋውን የሚጨርሰውን በሽታ በተቃራኒው ስም ሸፍኖታል። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ቫይረስ ማለትም በተራ ማጉሊያ መነጽር የማይታይና ሕያው ሕዋስ ውስጥ ካልገባ በቀር ሊራባ የማይችል እጅግ ረቂቅ ተሐዋሲ ሲሆን፣ የደስታ ቫይረስ በሰው ላይ ኩፍኝ ከሚያመጣው ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ዛሬ ይህ በሽታ በዓለም ላይ የለም፤ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ልጅ ጥረት ከምድር ገጽ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው። አፍሪካን የወረረው በቀይ ባሕር ጠረፍ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ መሆኑና ከመጨረሻዎቹ መሸሸጊያዎቹ አንዱም የኢትዮጵያ ቆላ መሆኑ ታሪኩን ለአገሩ አንባቢ የተለየ ያደርገዋል፤ በመግባቱና በመውጣቱ መካከል ያለው የ100 ዓመት ያህል ጊዜ ደግሞ የእንስሳትን በሽታ የመለየትና የመከላከል ዕውቀት ከከብት ጠባቂው እጅ ወጥቶ ወደ ላቦራቶሪ እንደሄደ፣ ከላቦራቶሪም ወደ ጠባቂው ካልተመለሰ በቀር ግቡን ሊመታ እንዳልቻለ የሚያሳይ ነው።

በሽታው ከታመመው ከብት ወደ ጤነኛው የሚተላለፈው በቅርብ ንክኪ፣ ይኸውም በትንፋሽ፣ ከዓይን፣ ከአፍንጫና ከአፍ በሚወጣ ፈሳሽ፣ እንዲሁም በእበት ነበር። ቫይረሱ ከገባ በኋላ እንስሳው አንዳች ምልክት ሳያሳይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጠጉሩ ይቆማል፣ ማመስኳቱን ያቆማል፤ የምትታለብ ላም ከሆነችም ወተቷ በድንገት ስለሚነጥፍ የበሽታውን መግባት ከሁሉ አስቀድማ ልታውቅ የምትችለው አላቢዋ ነበረች። ጥቂት ቀናት ሲያልፉ ዓይኑ ያነባል፣ አፍንጫው በመጀመሪያ ቀጭን ውሃ፣ ቆይቶም መግል የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ያወርዳል፤ በድዱ፣ በከንፈሩ ውስጠኛ ገጽና በምላሱ ሥር ፉርሽካ የተነሰነሰበት የሚመስል ቁስል ይወጣል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አፉም ይገማል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ደም የቀላቀለ ብርቱ ተቅማጥ ነው፤ ከብቱ የሰውነቱ ውሃ ስለሚያልቅ ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ ከተኛበት መነሣት ያቅተዋል፣ ምልክቱ ከታየ ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም ይሞታል። በሽታውን ከዚያ በፊት በማያውቅ መንጋ ውስጥ ሲገባ ከ10 ከብት 9ኙን ሊገድል ይችል ነበር፤ ከሞት የተረፈው ግን ዕድሜውን ሙሉ ዳግመኛ አይያዝም፣ ለሌላውም አያስተላልፍም፤ ይህ የመጨረሻው ጠባይ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለበሽታው መጥፋት ዋና ምክንያት ሆኗል።

የአገሬው ከብት አርቢ በሽታን የሚለይበት የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ያም ሥርዓት በዋነኛነት በስሞቹ ውስጥ ተቀምጧል። «አባ ሰንጋ» ከብቱን በድንገት የሚጥል፣ ከሞተ በኋላ የማይረጋ ጥቁር ደም ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የሚያወጣ በሽታ ሲሆን፣ ተሐዋሲው በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይና ሰውንም ስለሚይዝ በሬሳው ላይ ቢላ ማሳረፍ አደገኛ ነው። «አባ ጎርባ» ይልቁንም ወጣትና የሰባ ከብት መርጦ ጡንቻውን የሚያሳብጥ ሲሆን፣ እብጠቱ በእጅ ሲጫኑት ውስጡ አየር እንዳለበት ነገር ስለሚንኮሻኮሽ በዳሰሳ ይለያል። «ገንዲ» የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው፣ ከብቱን ቀስ በቀስ የሚያከሳ በሽታ ነው። «አፍተግር» ስሙ እንደሚናገረው አፍንም እግርንም ያቆስላል፤ ደስታን ከእርሱ ለመለየት የሚቻለውም በዚህ ነበር፤ አፍተግር የያዘው ከብት ያነክሳል፣ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ደስታ የያዘው ሰኮናው ሳይቆስል አፉ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይሞታልም። እነዚህ መለያዎች ያለ መሣሪያ፣ በዓይንና በእጅ ብቻ የሚገኙ ናቸው፤ ቢሆንም የዛሬ የእንስሳት ሐኪም ሜዳ ላይ ሆኖ ከሚመለከታቸው ምልክቶች ጋር በአብዛኛው ይስማማሉ።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ግን ለ1880 ዓ.ም. አልበቃም። የኢጣልያ ጦር በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ከያዘ በኋላ ወደ ደጋው ለመውጣት ሲሞክር ጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ድል ስለሆነ፣ የሮማ መንግሥት በጄኔራል ዲ ሳን ማርዛኖ የሚመራ 20,000 ያህል ወታደር በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ምጽዋ ላከ። ያን ያህል ሠራዊት ሥጋና የጭነት እንስሳ ያስፈልገው ነበርና ከባሕር ማዶ ከብት በመርከብ ተጫነ፤ አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች በሽታው ከእነዚህ፣ በተለይም ከሕንድ ከመጡት ከብቶች ጋር እንደገባ ይስማማሉ። የሕንድ አገር ከብት ከበሽታው ጋር ለብዙ ዘመን አብሮ የኖረ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ቢታመምም በቀላሉ ይድን ነበር፤ በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖረው ከብት ግን ምንም ዓይነት የመከላከል ኃይል አልነበረውም። ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ በሰሜን ከኢጣልያ፣ በምዕራብ ከደርቡሽ ጋር ተፋጠው በነበሩበት በዚያ ወቅት ሠራዊት ከአገር አገር ይዘዋወር፣ ለስንቅም ከብት ከኋላው ይነዳ ስለነበር በሽታው ከጦሩ ጋር ተጓዘ። ከሐማሴን ወደ ትግራይ፣ ከትግራይ ወደ በጌምድርና ጎጃም፣ ወደ ወሎና ሸዋ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 የምሥራቅ አፍሪካን አርብቶ አደሮች ፈጀ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ፣ በሚቀጥለውም ዓመት የአህጉሩ ደቡባዊ ጫፍ ደረሰ። ጎሽ፣ አጋዘንና ቀጭኔን የመሰሉ የዱር እንስሳትም አልተረፉም።

በኢትዮጵያ የደረሰው ጥፋት ከሌላው የአፍሪካ ክፍል የተለየ መልክ ነበረው፤ ምክንያቱም በደጋው ሕይወት በሬ የሥጋ ወይም የወተት ሀብት ሳይሆን የእህል ምንጭ ነው። ማረሻ በሞፈርና በቀንበር ተቀናጅቶ በጥማድ በሬ በሚጎተትበት፣ የመሬት ስፋት ሳይቀር ጥማድ በሬ በአንድ ቀን በሚያርሰው መጠን «ጥማድ» ተብሎ በሚለካበት አገር፣ በሬ ከሞተ መሬቱ ቢኖርም፣ ዘሩ ቢኖርም፣ ዝናቡም ቢዘንብ እርሻ የለም። ድሃ ገበሬ አንድ በሬ ሲኖረው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር «መቀናጆ» ገብቶ በየተራ ያርስ ነበር፤ ይህ ልማድ በደህናው ዘመን ብዙ ቤተ ሰብ ከረኀብ ያዳነ ብልኃት ቢሆንም፣ መንደሩ ሁሉ በአንድ ወር በሬ አልባ ሲሆን የሚቀናጅ አልተገኘም። በዚያ ላይ ድርቅ ታከለ፣ አንበጣና ተምች ያልታረሰውን መሬት ጥቂት ቡቃያ በሉት፤ የተረፈውን እህል የያዘ ሰው ዘሩን ሳይቀር ለመብላት ተገደደ። እህል ከተወደደ በኋላ ጨርሶ ጠፋ፤ ሰው ከቀዬው እየተነቀለ ወደ ከተሞችና ወደ ጠረፍ ፈለሰ፣ ፈንጣጣ፣ ተስቦና የተቅማጥ በሽታም የተዳከመውን ሕዝብ ፈጁት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ይህ ዘመን በሕዝቡ ዘንድ «ክፉ ቀን» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ሪቻርድ ፓንክረስት በዘመኑ የነበሩ የመንገደኞችን፣ የሚሲዮናውያንንና የመልእክተኞችን ጽሑፎች ሰብስበው ባደረጉት ጥናት የከብቱ 9 አስረኛ ያህል እንደሞተ፣ ከሕዝቡም እስከ አንድ ሦስተኛ የሚደርስ ሳያልቅ እንደማይቀር የሚናገሩ ግምቶችን አስፍረዋል፤ የከብቱ ግምት በብዙ ምስክር የተደገፈ ሲሆን፣ የሕዝቡ ግን ቆጠራ ባልነበረበት ዘመን የተነገረ በመሆኑ በጥንቃቄ መታየት አለበት።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ የተረከቡት እንዲህ ያለ አገር ነበር። የቤተ መንግሥቱ ጎተራ ተከፍቶ ለተራበው ሰው እንደተሰጠ፣ በየአድባራቱ ምሕላ እንደታወጀ፣ ንጉሠ ነገሥቱም መኳንንቱንና ወታደሩን አስከትለው በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደቆፈሩ የዘመኑ ጽሑፎች ይመሰክራሉ። የመጨረሻው ድርጊት በብዙ ጸሐፊዎች እንደ ትሕትና ምሳሌ ብቻ ቢጠቀስም ከዚያ የበለጠ ነገር ነበረው፤ የደጋ ገበሬ በእጅ መቆፈርን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይመለከት ስለነበር፣ ዘውድ የጫነ ሰው ዶማ ካልያዘ በቀር ሌላው ሰው በሬ እስኪመጣ ድረስ እጁን አጣምሮ መጠበቁ አይቀርም ነበር። ከበሽታ ጋር በሚደረግ ትግል መድኃኒት በሌለበት ጊዜ ያለው አማራጭ የበሽታውን ውጤት መቋቋም ነው፤ ምኒልክ ያደረጉትም ይህንኑ ነበር። አገሪቱ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የዘመተችው ከዚህ መከራ ከወጣች ገና በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሆኑ ሲታሰብ፣ የድሉ ክብደት ይበልጥ ይታያል።

የቀድሞው ሕክምና ለደስታ ምንም ሊያደርግለት አልቻለም፤ ይህ ማለት ግን ሕክምናው ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። በተለያየ አካባቢ ከብት ሲታመም ያበጠውን ቦታ በጋለ ብረት መተኮስ፣ ከደም ሥር ደም ማፍሰስ፣ ሆዱ ለተነፋ ከብት ፌጦ ወይም ግራዋ በጥብጦ ማጠጣት፣ አልቅት አፍንጫው ውስጥ ለገባ ከብት የትምባሆ ውሃ መጨመር፣ መዥገር በእጅ መልቀምና ጠበል መርጨት የተለመዱ ነበሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ውጤት ነበራቸው፤ አልቅትና መዥገር በዓይን የሚታዩ፣ በአንድ ከብት ላይ የሚገኙ ጠላቶች ስለሆኑ በእጅና በዕፅ ሊሸነፉ ይችላሉ። ከመንጋ ወደ መንጋ በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ግን የታመመውን ከብት በማከም አይቆምም፤ ዛሬም ቢሆን እንዲህ ላለ በሽታ ቫይረሱን ራሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። የሚጠቅመው መከላከል ነው፤ ይኸውም የታመመውን መለየት፣ ከብትን ከታመመ መንደር አለማስገባት፣ ገበያና የጋራ ውሃ መጠጫን መዝጋት ነው። አርብቶ አደሮች ይህን ዘዴ ያውቁታል፤ በሽታ ገባ ሲባል መንጋቸውን ከፋፍለው በተለያየ አቅጣጫ ያርቃሉ። በክፉ ቀን ጊዜ ግን የደጋው ከብት ሰፋሪ፣ ግጦሹም የጋራ፣ አገሩም በዘመቻ ላይ ስለነበር መሸሻ አልነበረም።

በአውሮፓም ቢሆን ዕውቀቱ የመጣው በእልቂት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይኸው በሽታ ኢጣልያን ሲመታ፣ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሐኪም ጆቫኒ ማሪያ ላንቺዚ የታመመውን ከብት መግደል፣ ሬሳውን በኖራ መቅበርና የከብት እንቅስቃሴን ማገድ እንዲደነገግ መከረ፤ ፈረንሳይ ውስጥ በሊዮን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1761 በዓለም የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የተቋቋመበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የከብት እልቂት ነበር። በሽታው ደቡብ አፍሪካ ሲደርስ ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ ኪምበርሊ ላይ በበሽታው ከሞተ ከብት የተወሰደ ሐሞት ጤነኛውን በመውጋት የመከላከል ኃይል መስጠት እንደሚቻል አሳየ፤ ሌሎች ደግሞ ከዳነ ከብት የተወሰደ የደም ውሃን ከታመመው ደም ጋር አብሮ መስጠት የተሻለ መሆኑን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1902 ሞሪስ ኒኮልና አዲል ቤይ ቁስጥንጥንያ ውስጥ የበሽታው መንስኤ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ የሚያልፍ መሆኑን አረጋገጡ። ሁሉንም የለወጠው ግን ዋልተር ፕላውራይት የተባለው እንግሊዛዊ ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ በተባለ ቦታ ከባልደረቦቹ ጋር በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሠራው ክትባት ነው፤ ቫይረሱን ከጥጃ ኩላሊት በተወሰዱ ሕዋሳት ውስጥ ደጋግሞ በማራባት በሽታ የማምጣት ኃይሉን አሳጥቶ፣ አንድ ጊዜ በመውጋት ብቻ ዕድሜ ልክ የሚከላከል፣ ርካሽና ለማንኛውም ዝርያ የሚስማማ ክትባት አደረገው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የሚሆን መሠረት የተጣለው በዚያን ጊዜ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው በቢሾፍቱ ነው። የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1964 እዚያ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በዚያው ከተማ ሲከፈት አገሪቱ የራስዋን የእንስሳት ሐኪሞች ማስተማር ጀመረች። ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1976፣ የአፍሪካ አገሮች «የጋራ ፕሮጀክት 15» በተባለ ዘመቻ ከቻድ ሐይቅ አካባቢ ተነሥተው እስከ ቀይ ባሕር ድረስ ከብታቸውን ከትበው ነበር። በሽታው ከብዙው አገር ጠፋ፤ ሊጠፋ የቀረው ጥቂት ኪስ ብቻ ሆነ። ነገር ግን ዘመቻው ሲያበቃ መንግሥታት በሽታው አልፏል ብለው በጀቱን ወደ ሌላ አዞሩት፣ የሚወለዱት ጥጆች ሳይከተቡ አደጉ፣ ክትባት ሊደርስ ባልቻለባቸው የሱዳንና የኢትዮጵያ ቆላዎች በመሳሰሉት ቦታዎች የቀረው ቫይረስም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ወጥቶ አህጉሩን አዳረሰ። ከዚህ ውድቀት የተገኘው ትምህርት ከማንኛውም የላቦራቶሪ ግኝት አይተናነስም፤ 100 ከብት መከተብ በሽታው ተደብቆ ያለበትን አንድ መንጋ የማግኘትን ያህል አይጠቅምም።

እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የመላው አፍሪካ የደስታ በሽታ ዘመቻ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ የተከተለው የቀደመውን መንገድ ነበር፤ የከታቢ ቡድኖች በመኪና ደጋውን እየዞሩ ያገኙትን ከብት ሁሉ በየዓመቱ ይወጉ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የበሽታው ሪፖርቶች በካርታ ላይ ሲቀመጡ ግን በደጋው የሚነሣው ወረርሽኝ በየጊዜው ከቆላ በሚመጣ ከብት የሚቀሰቀስ መሆኑ፣ ምንጩም አፋርን የመሰሉ አርብቶ አደር አካባቢዎች መሆናቸው ታየ። ስለዚህ ጥቂቱን ገንዘብ በደጋው ላይ ከመበተን ይልቅ በምንጩ ላይ ማዋል ተመረጠ። እንቅፋቱ የፕላውራይት ክትባት እጅግ ጥሩ ቢሆንም ሙቀት አለመቻሉ ነበር፤ ከፋብሪካ እስከ ከብቱ ትከሻ ድረስ በበረዶ ውስጥ መጓዝ ነበረበት፤ ይህም የማቀዝቀዣ ሰንሰለት የሚባለው ነው። አፋር ውስጥ ጥላ ስር እንኳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ መንገድ በሌለበት፣ አርብቶ አደሩም ግጦሽ ፍለጋ በሚንቀሳቀስበት አገር ያ ሰንሰለት መበጠሱ የማይቀር ነበር። አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ጄፍሪ ማሪነር የክትባቱን የማድረቅ ዘዴ አሻሽሎ በሜዳ ላይ ለአንድ ወር ያህል ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆይ አደረገው፤ ጠርሙሱ በከረጢት ተይዞ በእግር ወይም በግመል ሊጓዝ የሚችል ሆነ።

ሙቀት የሚችል ክትባት መገኘቱ ግን ግማሹን ችግር ብቻ ነው የፈታው፤ ሌላው ግማሽ ክትባቱን ማን ይዞት ይሂድ የሚለው ነበር። የመንግሥት ቡድን በመኪና መጥቶ ከብታችሁን መንገድ ዳር ሰብስቡ ሲል፣ አርብቶ አደሩ መንጋውን ከግጦሽ ነቅሎ፣ ከሌላ ሰው መንጋ ጋር ቀላቅሎ፣ በውሃ ጥም አቆይቶ እንዲያመጣ ይጠየቃል፤ ይህ ደግሞ በሽታ የሚያዛምት ነገር መሆኑን እርሱ ከማንም በላይ ያውቃል። አፋር ውስጥ የተመረጠው መፍትሔ ጎሣው ራሱ የሚያምናቸውን፣ ከመንጋው ጋር የሚኖሩትን ሰዎች መርጦ ማሠልጠን ነበር፤ እነዚህ የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች የተባሉት ሰዎች ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ሲሆኑ፣ በጥቂት ሳምንት ሥልጠና ክትባት መበጥበጥን፣ መርፌ መያዝንና የተለመዱ በሽታዎችን ማከምን ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 20 የሚሆኑ እንደዚህ ያሉ ሠራተኞች 73,000 ከብት ከተቡ፤ ከተከተቡት ውስጥ በደማቸው የመከላከል ኃይል የተገኘባቸው 83 በመቶ መሆናቸው ተለካ፤ ይህም የተማሩ ቡድኖች ያገኙት ከነበረው የሚያንስ አልነበረም። በኅዳር ወር አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. 1995፣ ከታየው ወረርሽኝ በኋላ በአፋር የደስታ በሽታ አልተነሣም፤ በኢትዮጵያም የመጨረሻው ሆነ።

ለዚህ ውጤት የአፋሮች ጥንታዊ የዜና መለዋወጫ ሥርዓት፣ «ዳጉ» የሚባለው፣ የሰጠው አገልግሎት ብዙ ጊዜ በቂ ቦታ አያገኝም። በዳጉ ሥርዓት ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሳይተላለፉ ቆመው ወይም ተቀምጠው ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሰላምና ስለ ከብት ጤና በዝርዝር መጠያየቅ ግዴታቸው ነው፤ የሰሙትንም ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ለሚቀጥለው ማስተላለፍ አለባቸው። የበሽታ ክትትል ሙያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ የት፣ መቼ፣ በየትኛው መንጋ፣ ምን ምልክት ታየ የሚለውን ያለ ግነት ማወቅ። የእንስሳት ሐኪሞች ወደ አርብቶ አደሩ ሄደው ምልክቶቹን በራሱ ቋንቋ ሲጠይቁትና ያለፉትን ወረርሽኞች በወቅት ሲያስቆጥሩት፣ ጽሑፍ ያልያዘውን የበሽታውን ካርታ ከቃሉ ሊሠሩት ቻሉ።

ከመጥፋቱ ቀጥሎ ያለው ሥራ መጥፋቱን ማረጋገጥ ነበር፤ ይህም ከክትባቱ የበለጠ ድፍረት የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ክትባት የወሰደ ከብትም ሆነ በበሽታው ተይዞ የዳነ ከብት በደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነት ተሐዋሲን ለመቋቋም የሚያመርተው ንጥረ ነገር ይገኝበታል፤ በዚያ ጊዜ በነበረው ምርመራ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አይቻልም ነበር። ስለዚህ በሽታው በአገር ውስጥ እየዞረ አለመሆኑን ለማወቅ ክትባቱን ማቆም፣ ከዚያም ያልተከተቡ ወጣት ከብቶችን ደም በየዓመቱ መመርመር የግድ ሆነ፤ ክትባት ያቆመ አገር ግን በሽታው ቢመለስ ከብቱ ሁሉ ያለ ጋሻ ይቀራል። የኢትዮጵያ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ይህን አደጋ ተቀብለው፣ በየቆላው ያለውን ክትትል እያጠበቁ ክትባቱን አቆሙ፤ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2008 አገሪቱ ከደስታ በሽታ ነፃ ለመሆንዋ ዕውቅና ሰጠ። በዓለም የመጨረሻው ቫይረስ የተገኘው ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በኬንያ ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በጎሽ ላይ ነበር፤ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን በይፋ ያወጁት ደግሞ በግንቦትና በሰኔ እ.ኤ.አ. 2011 ነው። ፈንጣጣ እንደጠፋ ዓለም ያደረገውን ያህል በዓል ለከብቱ በሽታ አለማድረጉ ያሳዝናል፤ ክፉ ቀንን ያየ ሕዝብ ልጅ ልጆች ያሉበት አገር ቢያንስ ቀኑን ሊያውቀው ይገባ ነበር።

የከብቱ ደስታ ከጠፋ በኋላ ግን አንድ ዘመዱ ቀርቷል፤ በበግና በፍየል ላይ የሚመጣው ደስታ መሰል በሽታ ማለት ነው፤ ስሙም የመጣው ትኩሳቱ፣ የአፉ ቁስል፣ የዓይኑና የአፍንጫው ፈሳሽ፣ ተቅማጡም የከብቱን ደስታ ስለሚመስል ነው። ይህ በሽታ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ተጠርጥሮ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ሲሆን፣ የዓለም ድርጅቶቹ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከምድር ለማጥፋት ግብ አስቀምጠዋል። ከከብት ይልቅ በግና ፍየል ቶሎ ቶሎ ስለሚወለዱና ስለሚሸጡ በየዓመቱ አዲስ ያልተከተበ ትውልድ ይመጣል፤ ስለዚህ ሥራው ከቀደመው ይከብዳል። የከብቱ ደስታ ቫይረስ ናሙናዎች ከብዙ አገሮች ላቦራቶሪዎች እየተሰበሰቡ እንዲወድሙ ተወስኖ፣ የእንግሊዙ ፐርብራይት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 የያዘውን አቃጠለ፤ ምናልባት በሽታው ቢመለስ የሚያስፈልገው የክትባት ክምችት ግን በዓለም ላይ በጥቂት የታመኑ ማዕከሎች እንዲቀመጥ ተደርጓል። ከእነዚህ አንዱ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ሲሆን፣ የሚገኘውም ቢሾፍቱ ነው።